ከሰርተፊኬቱ ጀርባ፦ የታንክ መለኪያችንን ሊፈነዳ ለሚችል ከባቢ አየር ያስመሰከርንበት አሥራ አንድ ወር

የምሠራው በደቡብ ጀርመን በሚገኝ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ነው። ሠራተኞቹ ሁላችንም ተደምረን ሃያ አንሞላም። ሥራችን በታንክ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደደረሰ የሚለካ መሣሪያ መሥራት ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ደንበኞቻችን ወተትና ውኃ የሚያከማቹ ብቻ ነበሩ። አንድ ቀን አልኮል የሚያመርት ደንበኛ መጥቶ «ይኸው መሣሪያ ለኢታኖል ታንክ ይሆነናል?» ሲል ጠየቀ። አለቃዬ ወደ እኔ ዞሮ ሰርተፊኬቱን ለማውጣት ሦስት ወር ይበቃ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እኔም ብዙ ሳላስብ «ይበቃል» አልሁት። አሥራ አንድ ወር ፈጀ።

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰዎች ነው። አንደኞቹ እንደ እኔ መሣሪያ ሠርተው ለማስመስከር የሚነሡ ናቸው። ሁለተኞቹ፣ ቁጥራቸውም እጅግ የሚበልጠው፣ በኢታኖል ማምረቻ፣ በነዳጅ ዴፖ፣ በዱቄት ፋብሪካ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የጋዝና የነዳጅ ተቋማት ውስጥ የተመሰከረለትን መሣሪያ ሲገዙ፣ ሲተክሉና ሲጠግኑ የሚውሉ ወገኖቻችን ናቸው። የእነዚህኞቹ ሥራ ከእኛ እንደሚከብድ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ ያስተማረኝም ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ጥያቄ ነው።

እሳት እንዲነሣ የሚነድ ነገር፣ አየርና የሚያቀጣጥል ነገር እንደሚያስፈልጉ ሁሉም ያውቃል። በኢታኖል ታንክ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አስቀድመው አሉ። ኢታኖል 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ የሚሰጠው ተን ለመቀጣጠል ይበቃል፤ ተኑ በአየሩ ውስጥ ከ3 በመቶ ጥቂት ከፍ ካለ ሌላ አይፈልግም። ስለዚህ ከፈሳሹ በላይ ያለው፣ ባዶ የሚመስለው ቦታ አንዲት ብልጭታ ብቻ ነው የጎደለችው። እንዲህ ያለው፣ የሚፈነዳው ድብልቅ ዘወትር ወይም ለረጅም ጊዜ የሚገኝበት ቦታ ዞን 0 ይባላል። በመደበኛ ሥራ ጊዜ አልፎ አልፎ የሚገኝበት ዞን 1፣ ቢገኝ እንኳ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚሆንበት ዞን 2 ነው። እንደ ዱቄትና ስኳር ላለው አቧራ ደግሞ 20፣ 21 እና 22 የሚባሉ አቻዎች አሉ። ዞኑን የሚወስነው የፋብሪካው ባለቤት ነው እንጂ መሣሪያ ሠሪው አይደለም። «የእናንተ መሣሪያ ስንተኛ ዞን ያደርግልናል?» የሚል ደብዳቤ በየጊዜው ይደርሰናል፤ ጥያቄው የተገለበጠ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ጉዳዩን የሚገዛው አቴክስ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው መመሪያ 2014/34 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 20 ቀን 2016 ጀምሮ ከእርሱ በፊት የነበረውን 94/9 ተክቶ ይሠራል። አይኢሲ-ኢኤክስ የሚባል ዓለም አቀፍ አሠራርም አለ። ሁለቱም የቴክኒክ ሥጋቸውን የሚወስዱት የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን (አይኢሲ) ካወጣው፣ አይኢሲ 60079 ከሚባለው ተከታታይ ደረጃ ስለሆነ፣ አንዱን በሚገባ ያወጣ ሌላውን ለማውጣት ብዙ አይቸገርም። ለገዢ የሚጠቅመው ልዩነት የአይኢሲ-ኢኤክስ ሰርተፊኬቶች በድረ ገጹ ላይ ያለ ክፍያ መታየታቸው ነው። ሻጩ የላከላችሁን ወረቀት ቁጥር አስገብታችሁ ከዋናው ጋር ማመሳከር ትችላላችሁ። ይህን ባለማድረግ፣ ለሌላ ሞዴል የተሰጠ ሰርተፊኬት ተልኮላቸው መሣሪያ የገዙ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ለዞን 2 የሚሆነውን ምድብ 3 የሚባለውን መሣሪያ አምራቹ ራሱ መርምሮ በራሱ ኃላፊነት ማወጅ ይችላል። የእኛ መሣሪያ ዘንግ ግን ታንኩ ውስጥ፣ ማለትም ዞን 0 ውስጥ ይገባል፤ ኤሌክትሮኒክሱን የያዘው የመሣሪያው ራስ ደግሞ ከታንኩ ክዳን በላይ ዞን 1 ላይ ይቀመጣል። ለዞን 0 የሚገባው ምድብ 1 ስለሆነ አቋራጭ መንገድ የለውም፦ ዕውቅና ያለው መርማሪ ተቋም ንድፉንና ናሙናውን መርምሮ የዓይነት ምርመራ ሰርተፊኬት ይሰጣል፤ ከዚያም ምርቱን የሚከታተል ተቋም አምራቹን ኦዲት ያደርጋል። በነገራችን ላይ፣ በመለያ ሰሌዳው ላይ ሲ-ኢ ከሚለው የአውሮፓ የተስማሚነት ምልክት ቀጥሎ የሚታየው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ምርቱን የሚከታተለው ተቋም ቁጥር ነው። ናሙናውን የመረመረው ሌላ ተቋም ሊሆን ስለሚችል፣ ቁጥሩ ከሰርተፊኬቱ ጋር አልገጠመም ብሎ ዕቃ መመለስ አይገባም።

የመከላከያውን ዘዴ ስንመርጥ ሁለት መንገድ ነበረን። አንዱ ሰርኪዩቱን ወፍራም የብረት ሳጥን ውስጥ አስገብቶ፣ ውስጥ ቢፈነዳ እንኳ ነበልባሉ በመጋጠሚያው ጠባብ ክፍተት ሲያልፍ ቀዝቅዞ፣ ውጭ ያለውን እንዳያቀጣጥል ማድረግ ነው። ጋዞች በቡድን የሚከፈሉትም ነበልባላቸው ሊያልፍበት በማይችለው በዚህ ክፍተት ስፋት ነው፦ ፕሮፔን ሁለት-ኤ፣ ኤቲሊን ሁለት-ቢ፣ ሃይድሮጅንና አሴቲሊን ሁለት-ሲ ውስጥ ይመደባሉ። የኢታኖል ክፍተት 0.89 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በሁለት-ኤና በሁለት-ቢ መካከል ያለው ወሰን 0.9 ነው። በሚሊሜትር አንድ መቶኛ ልዩነት ምክንያት ኢታኖል የሚፈልገው ሁለት-ቢ መሣሪያ ነው፤ «አልኮል እንደ ቤንዚን ነው» ብሎ ሁለት-ኤ የገዛ ሰው ይሳሳታል።

ሁለተኛው መንገድ፣ እኛም የመረጥነው፣ ኃይሉን ከመነሻው ማሳነስ ነው። ሽቦ ቢበጠስ፣ ሁለት ሽቦዎች ቢነካኩ፣ በውስጡም ሁለት ብልሽት በአንድ ጊዜ ቢደርስ፣ የሚፈጠረው ብልጭታ ድብልቁን ለማቀጣጠል አቅም እንዳይኖረው ይደረጋል። ይህ አስተሳሰብ የመጣው ከድንጋይ ከሰል ማዕድን ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1913 በዌልስ፣ ሴንግኼኒድ በተባለ ቦታ በደረሰ ፍንዳታ 439 የማዕድን ሠራተኞችና አንድ አዳኝ ሞቱ። መነሻው በእርግጠኝነት ባይታወቅም፣ ከተጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ምልክት መስጫ የነበረው የኤሌክትሪክ ደወል ብልጭታ ነው። በዚያ ዘመን የደወል ሰርኪዩት ቮልቱ ዝቅተኛ ስለሆነ አደጋ የለውም ይባል ነበር። የተደረገው ምርምር ግን ከቮልቱ ሌላ በደወሉ የሽቦ ጥቅል ውስጥ የሚጠራቀመው ኃይል እንደሚያቀጣጥል አሳየ።

ከመቶ ዓመት በኋላ እኔ የሠራሁት ስሕተት ከዚያው ዘር ነው። በመሣሪያችን መግቢያ ላይ፣ በአካባቢው ካሉ ሞተሮች የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ሁከት ለማፈን 1 ማይክሮፋራድ፣ ማለትም 1,000 ናኖፋራድ፣ ካፓሲተር አስቀምጬ ነበር። በወተት ታንክ ላይ ያኮራኝ ነገር ነበር። ነገር ግን በ30 ቮልት ለሁለት-ቢ የሚፈቀደው 560 ናኖፋራድ ነው፤ ለሁለት-ሲ ከሆነ 66 ብቻ። ካፓሲተሩ የሚያጠራቅመው ኃይል በተቆረጠ ሽቦ ጫፍ በአንድ ቅጽበት ሊወጣ ስለሚችል፣ ከውጭ የሚገባውን ኃይል መገደብ ብቻውን አይረዳም። መፍትሔው ካፓሲተሩን ወደ 4.7 ናኖፋራድ ማውረድና፣ ከኋላው ያለው ኃይል ወደ መግቢያው እንዳይመለስ ሦስት ዳዮዶችን በተከታታይ መደርደር ነበር። ሦስት የሆኑት ለዞን 0 የሚሆነው ደረጃ ሁለቱ ቢበላሹ እንኳ አንዱ ሥራውን እንዲቀጥል ስለሚጠይቅ ነው። ሁከቱን የማፈኑ ፍተሻ ደግሞ በተራው ወደቀ፤ እርሱን ለማስተካከል አንድ ወር ተኩል ሄደ። የፍንዳታውና የሁከቱ ደረጃዎች አንዱ ጫፍ ሲጎተት ሌላው እንደሚያጥር ጋቢ ናቸው፤ ገና ወረቀት ላይ ሳላችሁ ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ሥሩ።

ለተካዩ የሚያስፈልገውም ስሌት እዚሁ ላይ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ብቻውን አይሠራም፤ አደጋ በሌለበት ክፍል ውስጥ ኃይሉን የሚገድብ ባሪየር የሚባል ነገር ያስፈልገዋል። የተለመደው ባሪየር ቢበዛ 28 ቮልት፣ 93 ሚሊአምፔርና 0.65 ዋት ያህል ነው የሚያሳልፈው። 28ቱን ቮልት በውስጡ ላለው 300 ኦም መቋቋም ብታካፍሉት 93ቱ ሚሊአምፔር ይወጣል። በመሣሪያው ሰርተፊኬት ላይ የተጻፉት የቮልት፣ የአምፔርና የዋት ጣሪያዎች ከባሪየሩ ቁጥሮች እኩል ወይም የበለጡ መሆን አለባቸው። ከዚያም የመሣሪያውና የኬብሉ ካፓሲታንስ፣ ማለትም እንደ ካፓሲተር ኃይል የማጠራቀም አቅማቸው፣ ተደምሮ ባሪየሩ ከሚፈቅደው እንዳይበልጥ ይታያል፤ በ28 ቮልት ይህ ለሁለት-ሲ 83፣ ለሁለት-ቢ 650 ናኖፋራድ ነው። በሜትር 200 ፒኮፋራድ ያለው ኬብል በ100 ሜትር 20 ናኖፋራድ ይሆናል። ኢንዳክታንሱም፣ ማለትም እንደ ሽቦ ጥቅል ኃይል የማጠራቀም አቅሙ፣ በዚሁ መንገድ ይሰላል። ስሌቱ ግማሽ ገጽ አይሞላም፤ ይሁን እንጂ ተሠርቶ ፋይል ውስጥ የተቀመጠበትን ቦታ ብዙ አላየሁም።

ንድፉን ለመርማሪው ተቋም ከላክን ከአምስት ሳምንት በኋላ ሃያ ሦስት ነጥብ ያለው ደብዳቤ ደረሰን። አብዛኛው የሰነድ ጉድለት ነበር። አሥራ ሰባተኛው ነጥብ ግን በቀይ የተከበበ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዳችን ሥዕል ነበር፤ በዳዮዶቹ ፊትና ኋላ ባሉት ሁለት የመዳብ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት 1.4 ሚሊሜትር እንደሆነ፣ በ30 ቮልት የሚፈለገው ግን 2 ሚሊሜትር እንደሆነ ይናገራል። ርቀቱ ካነሰ መስመሮቹ እንደተነካኩ ይቆጠራሉ፤ ሦስቱ ዳዮዶች በስሌት ከቦርዱ ላይ ይጠፋሉ ማለት ነው። ቦርዱን አንሥቼ በጣቴ ይዤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳቀርበው ያቺ ክፍተት የእህል ቅንጣት ታክላለች፤ ከ0.6 ሚሊሜትር የተነሣ ግን ሁለት መቶ ቦርድ ወደ ቆሻሻ ሄደ። ቦርዱ በተገቢው መሸፈኛ ቫርኒሽ ቢቀባ 0.7 ሚሊሜትር ይበቃ ነበር። ቫርኒሹ ግን ራሱ በምርት ጊዜ ሊረጋገጥ የሚገባው ሌላ ዕዳ ስለሆነ መስመሩን ማራቁን መረጥሁ፤ አሁንም ቢሆን የምመክረው ይህንኑ ነው። ከዚህ ሌላ፣ ደኅንነቱ የሚመካበት እያንዳንዱ ሬዚስተርና ዳዮድ ከተሠራለት አቅም ከሁለት ሦስተኛው በላይ መጫን እንደሌለበት አስቀድማችሁ አስቡ። ትንንሽ ሬዚስተሮቻችንን በሙሉ ተለቅ ባሉ ለመተካት የተገደድነው በዚህ ምክንያት ነው።

የኤሌክትሪክ ፍሰት ገዳቢያችን ባሕርይ በሠንጠረዥ የሚፈታ ስላልነበረ የብልጭታ ፍተሻ ተጠየቀ፤ እኔም ሄጄ ለማየት ተፈቀደልኝ። መሣሪያው ከጀበና የማይበልጥ ክፍል ሲሆን፣ ውስጡ ሁለት ስንጥቅ ያለው የካድሚየም ዲስክና 0.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው አራት የተንግስተን ሽቦዎች አሉት። ሽቦዎቹ በደቂቃ 80 ጊዜ እየዞሩ ዲስኩን ይጭራሉ፤ እያንዳንዱ ጭረት ሰርኪዩቱን እያገናኘ ይቆርጠዋል። ክፍሉ ለሁለት-ቢ 7.8 በመቶ ኤቲሊን ባለው አየር ይሞላል፤ ይህ ለመቀጣጠል እጅግ ምቹ የሆነው ድብልቅ ነው። ፍተሻውን የሚያካሂዱት አዛውንት ቴክኒሻን የእኛን ቦርድ ወደ ጎን አስቀምጠው በመጀመሪያ 95 ሚሊሄንሪ የሽቦ ጥቅል በ24 ቮልትና በ65 ሚሊአምፔር አገናኙ። «መጀመሪያ መፈንዳት አለበት። ካልፈነዳ ቀጥሎ የምናየው ሁሉ ዋጋ የለውም» አሉኝ። ጥቂት ዙር እንደሄደ «ጧ» የሚል ደረቅ ድምፅ ተሰማ፤ ሳልፈልግ ወደ ኋላ አልሁ። እርሳቸው ፈገግ ብለው ጋዙን ለወጡና የእኛን ሰርኪዩት አገናኙ፤ ከሚገባው አንድ ተኩል እጥፍ ተደርጎ የተጫነ ነው። 400 ዙር አምስት ደቂቃ ነው። በእነዚያ አምስት ደቂቃዎች ቆጣሪውን እያየሁ የቆምኩት ያህል የትኛውም ፈተና አስጨንቆኝ አያውቅም። አልፈነዳም። ከዚያም የጥቅልሉን ሙከራ እንደገና ደገሙት፣ ክፍሉ አሁንም የሚፈነዳ መሆኑን ለማረጋገጥ፤ ያን ጊዜ የፈነዳው ድምፅ ጣፈጠኝ።

ኤሌክትሮኒክሱ አለፈና የጠለፈን ክዳኑ ሆነ። የመሣሪያው ራስ የሚቀመጥበት የፕላስቲክ ሳጥን ክዳን 120 በ90 ሚሊሜትር ነው። ፕላስቲክ በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ የማይንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ፣ ለዞን 1 በሁለት-ቢ የሚፈቀደው ገጽ 10,000 ካሬ ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ የእኛ 10,800 ሆነ። የሳጥኑ ማተሚያ ተከፍሎበት አልቋል። «በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጽዳ» የሚል ማስጠንቀቂያ ለጥፎ ማለፍ ይቻል ነበር። አለቃዬም ወደዚያው አዘንብሎ ነበር፤ እኔ ግን የፋብሪካ ጽዳት ሠራተኛ በጀርመንኛ የተጻፈ ተለጣፊ አንብቦ ጨርቁን ያርሳል ብዬ አላምንም። በመጨረሻ ካርበን የተቀላቀለበት፣ የገጹ መቋቋም ከ1 ጊጋኦም በታች የሆነ ፕላስቲክ በዚያው ማተሚያ አሳተምን። ይህ ደግሞ አዲስ ዕቃ ስለሆነ የሙቀት ጽናት ፍተሻው ከዜሮ ጀመረ፦ 672 ሰዓት፣ ማለትም ድፍን አራት ሳምንት፣ በ90 በመቶ እርጥበትና ቢያንስ በ80 ዲግሪ ሙቀት፤ ከዚያ 24 ሰዓት ቅዝቃዜ፤ ከዚያም የ1 ኪሎ ክብደት ከ70 ሴንቲሜትር ከፍታ ይለቀቅበታል። ያ ፍተሻ ሊፋጠን አይችልም፤ በገንዘብም አይገዛም። የጊዜ ሰሌዳ የምታወጡ ሁሉ በመጀመሪያ ይህን አራት ሳምንት ጻፉ፣ ለድጋሚም ሌላ አራት ተዉለት።

የምርት ኦዲቱ የሚመራው በአይሶ/አይኢሲ 80079-34 ሲሆን፣ እኔ የጠበቅሁት የፋይል ምርመራ ነበር። ኦዲተሯ ግን ቡናቸውን ሳይጨርሱ ወደ መጋዘን ሄደው ለመላክ ከተዘጋጁት አንዱን መሣሪያ በዘፈቀደ አንሥተው አስከፈቱ። በማጉያ መነጽር እያዩ ሬዚስተሮቹን አንድ በአንድ ከተመሰከረለት ንድፍ ጋር አመሳከሩ። ከሬዚስተሮቹ አንዱ የሌላ አምራች ሆኖ ተገኘ፤ ዕቃ በጠፋበት ሰሞን የግዢ ክፍሉ በዋጋም በኦምም እኩል ነው ብሎ ተክቶት ነበር። ኦሙ እኩል ነው፤ የሚሸከመው ዋት ግን ያንሳል። ኦዲተሯም «የተመሰከረው ይህ ንድፍ ነው፤ ይህ መሣሪያ ሌላ ነው» አሉ። የሰባ ሁለት መሣሪያዎች ጭነት ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደኅንነት የሚመካበት እያንዳንዱ ዕቃ በግዢ ዝርዝሩ ላይ በቢጫ ይቀባል፤ ቢጫውን ያለ እኔ ፊርማ የሚለውጥ የለም።

ሰርተፊኬቱ ወጣ፤ ምልክቱም «ኢኤክስ አይ-ኤ ሁለት-ቢ ቲ-4 ጂ-ኤ/ጂ-ቢ» ሆነ። አይ-ኤ ኃይሉን የማሳነሱ ዘዴ ነው፤ ቲ-4 የመሣሪያው ገጽ ከ135 ዲግሪ እንደማያልፍ ይናገራል፤ ኢታኖል በራሱ የሚቀጣጠለው ከ360 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ለእርሱ ቲ-2 እንኳ ይበቃ ነበር። የመጨረሻዎቹ ፊደላት ዘንጉ ለዞን 0፣ የመሣሪያው ራስ ለዞን 1 እንደሚሆን ያመለክታሉ። የእኛ ሰርተፊኬት ቁጥር መጨረሻ ላይ «ኤክስ» የምትል ፊደል አለች። ብዙ ሰው የጌጥ ትመስለዋለች። ትርጉሟ «ልዩ የአጠቃቀም ሁኔታ አለ፤ ጀርባውን አንብብ» ማለት ነው። በቦታዋ «ዩ» ካለች ደግሞ ዕቃው የሌላ መሣሪያ አካል እንጂ ብቻውን የሚተከል አይደለም።

ወደ አዲስ አበባው ጥያቄ ልመለስ። አምስት ኪሎ አብረን የተማርን፣ አሁን በከተማዋ ዙሪያ ባለ አንድ አልኮል ማምረቻ የጥገና ክፍል ኃላፊ የሆነ ጓደኛዬ ስለ መሣሪያው ሰምቶ ደወለልኝ። «ሰርተፊኬት አለው አይደል?» አለኝ። «አለው እንጂ!» አልሁት በኩራት። ማታ ወረቀቱን ልልክለት ስከፍት ስንት ጊዜ ያነበብሁትን ዓረፍተ ነገር እንደ አዲስ አየሁት፦ ምርመራው የሚሸፍነው የአየር ግፊቱ ከ80 እስከ 110 ኪሎፓስካል የሆነበትን ቦታ ነው። ይህ የደረጃው መነሻ ሲሆን፣ 80 ኪሎፓስካል ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ይገጥማል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ግፊቷም ወደ 77 ኪሎፓስካል ነው። ተወልጄ ያደግሁባት ከተማ ከሰርተፊኬቴ ውጭ ነበረች። በማግስቱ ደውዬ «ወንድሜ፣ ትናንት የነገርሁህን ተወው፤ ጊዜ ስጠኝ» አልሁት።

ነገሩን ሳጣራ የቀጭን አየር ጠባይ ሁለት ፊት እንዳለው ተረዳሁ። ለብልጭታ ይረዳል፤ ግፊቱ ሲቀንስ ድብልቁን ለማቀጣጠል የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል፣ ብረት ሳጥን ውስጥ የሚፈጠረው የፍንዳታ ግፊትም ይቀንሳል። ሙቀትን በማውጣት ግን ይሰንፋል፤ ኤሌክትሪክም በቀጭን አየር ውስጥ በቀላሉ ይዘላል። የእኛ መሣሪያ የሚወስደው ኃይል 0.65 ዋት ብቻ ስለሆነ፣ እጅግ የሚሞቀው ዕቃ በፍተሻው 135 ዲግሪውን ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አላየውም፤ ሁለት ሚሊሜትሩም ለ30 ቮልት ሰፊ ነው። ይህን በስሌት አዘጋጅተን፣ የሙቀቱን ልኬት ግፊቱ በተቀነሰ ክፍል ውስጥ ደግመን፣ መርማሪው ተቋም ለሰርተፊኬቱ ተጨማሪ እንዲያወጣልን ጠየቅን። ሰባት ሳምንት ፈጅቶ ወሰኑ ወደ 60 ኪሎፓስካል ወረደ።

ስንጠብቅ ሳለን ጓደኛዬ «እስኪ ሌላውንም እይልኝ» ብሎ የፓምፕ ክፍሉን ፎቶዎች ላከልኝ። በእርግጥ ያስጨነቀኝ ያኔ ነው። ሞተሮች በተለመደው ደረጃ የሚሠሩት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው፤ በአዲስ አበባ ሙሉ ጭነት ከተሸከሙ ይበልጥ ይሞቃሉ። የተመሰከረለት ሞተር ሲሆን ደግሞ ሙቀቱ ከሰርተፊኬቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ጭነቱን ምን ያህል መቀነስ እንደሚገባ በጽሑፍ መናገር ያለበት አምራቹ ነው። በሰሌዳው ላይ ስለ ከባቢ ሙቀት ምንም ካልተጻፈ ከ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስከ 40 ከዜሮ በላይ ማለት ስለሆነ፣ ሠመራ ላይ ለሚተክል ሰው ችግሩ በሌላ በኩል ይመጣል። የጓደኛዬ ሞተር ግን ከከፍታውም የሚቀድም ጉዳይ ነበረበት። የኬብል ሳጥኑን ክዳን ከሚይዙት አራት ብሎኖች አንዱ የለም፤ ጥቅም ላይ ያልዋለው የኬብል መግቢያ ቀዳዳ ደግሞ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ተለጥፏል። ነበልባልን በመጋጠሚያው እያቀዘቀዘ የሚያወጣ ሳጥን ቀዳዳው በፕላስተር ከተዘጋ ተራ ሳጥን ነው። የሞተሩ ሰርተፊኬት ግን በቢሮው ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሎ ነበር።

ጓደኛዬ በነገርሁት አልተቀየመኝም፤ «እኛ ጋ ብሎን የጠፋው ለቁጠባ መስሎህ ነው? ጥገና ላይ ወድቆ ቀረ» አለና ሳቀ። የተመሰከረለትን የቀዳዳ መድፈኛ ከዱባይ አስመጣ፤ ብሎኑንም በሌላ ጥንካሬ ሳይሆን በአምራቹ ሰነድ በተጻፈው ተካው። የሞተሩን ጭነት በተመለከተ ከአምራቹ መልስ እስኪመጣ ፓምፑን በቀነሰ ፍሰት አሠራው። የአይኢሲ 60079 ክፍል 17 ስለ ፍተሻ የሚናገረውን ሠንጠረዥ ላክሁለት፤ እርሱም ወደ አማርኛ መልሶ ለልጆቹ፣ ማለቴ ለቴክኒሻኖቹ፣ አደለ።

የእኛ መሣሪያ አሁን ታንኩ ላይ ተተክሏል። በቅርቡ የላከልኝ ፎቶ ግን የእኛን መሣሪያ አያሳይም። የሞተሩ የኬብል ሳጥን ነው፤ አራቱም ብሎኖች ጠብቀው በእያንዳንዳቸው ራስ ላይ በነጭ ቀለም መስመር ተሰምሯል። ከጎኑ በተሰቀለች ትንሽ ካርድ ላይም የፍተሻው ቀንና የፈተሸው ልጅ ፊርማ አለ።